ቆጣሪዎቼን ፀሐይ ላሞቁልኝ ለክበባችን ሰብሳቢ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የፀረ ኤች አይ ቪ ክበብ ሰብሳቢና የአስተዳደር ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ እኔ በኮሪደሩ ባለፍኩ ቁጥር በአልኮል የሚታሹት እጆችዎም እንደምን ከርማችኋል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ በመስጠት ፈንታ በዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ከድፍረት ሳይሆን ለእርስዎ ከማሰብ የተነሳ እንደሆነ ይረዱልኝ። ባለፈው ወር ያስገባሁትን የዓመት ፈቃድ ማመልከቻ በሁለት እርሳሶች ጫፍ ቆንጥጠው ይዘው ሲያነቡ በመስኮት አይቼ አንጀቴን በልተውኛል። ስለዚህ የዚህን ደብዳቤ ፊደል ከሦስት ሜትር ርቀት እንዲነበብ አድርጌ አተልቄዋለሁ። ሰሌዳው አልበቃ ብሎ ጽሑፉ ወደ ግድግዳው በመሻገሩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አላፊ አግዳሚውም ማንበቡ አይቀርምና ራሴን ላስተዋውቅ። በዚህ የውሃ መሥሪያ ቤት በቆጣሪ ጥገና ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የቆመ ቆጣሪ ይመጣልኛል፣ እፈታዋለሁ፣ አሸዋውን አራግፌ የላስቲክ ቀለበቱን እቀይርለታለሁ፣ ሲዞር አይቼ እሸኘዋለሁ። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅሁ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። መድኃኒቴን ቀን ሳላዛንፍ እወስዳለሁ፤ ከዚህም የተነሳ ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከወረደ ቆይቷል፤ እንዲህ ዝቅ ብሎ እስከቆየ ድረስም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው እንደማይተላለፍ ሐኪሞቹ ነግረውኛል። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ በየጊዜው ይመረመራል፤ ነፃ ነው። ልጃችን እኔ ውጤቴን ካወቅሁ በኋላ ተፀንሳ የተወለደች ናት፤ እሷም ነፃ ናት። ይህን ሁሉ የማወራው ልመካ ፈልጌ አይደለም። ክበብዎ በሰባት ዓመት ዕድሜው አንድም ቀን ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት በግንዛቤ ቀን ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሠራተኛው ሁሉ «ዝምታን እንስበር» የሚል ካናቴራ ለብሷል። የተጋበዘው ተናጋሪ መኪና ይላክልዎታል ተብሎ ሳይላክለት በመቅረቱ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ቀርቷል። እርስዎ መድረኩ ላይ ወጥተው ላብዎን እየጠረጉ፣ «ከመካከላችን ደፋር ካለ ይነሳና ይናገር፤ ክበቡ ከጎኑ ይቆማል» አሉ። ለረጅም ጊዜ ማንም ምንም አልሰበረም። አሥራ አራት ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ነገር ያን ዕለት ያወጣሁት ጀግንነት ገፋፍቶኝ አይደለም፤ እርስዎን ብቻዎን እዚያ ላይ ቆመው ማየት ስላሳዘነኝ ነው። ተነስቼ ተናገርኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎም እንባ ባቀረረ ዓይን «ጀግናችን» አሉኝ። ክበቡ የሚቆምበት ጎን ሦስት ሜትር ራቅ ያለ መሆኑን የተረዳሁት በማግስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝን ቸርነት በተራ ቁጥር ዘርዝሬ ማመስገን ይገባኛል።

አንደኛ፣ ስለ ኩባያውና ስለ ቁልፉ። በማግስቱ ጠዋት ኩባያዬን አፉ ዙሪያውን በቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ እጀታው በሲባጎ ከሚስማር ጋር ታስሮ የሻይ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። ሲባጎው አጭር ስለሆነ ሻይ መጠጣት የሚቻለው ግድግዳውን ተጠግቶ፣ አንገትን ሰብሮ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ንብረቴ እንዳይጠፋ እንዲህ የተጨነቀልኝ ሰው አልነበረምና አመሰግናለሁ። በዚያው ሳምንት ለብቻዬ የምጠቀምበት የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ተሰጠኝ። «ለእንግዳ ብቻ» ተብሎ የተጻፈበት፣ መስታወትና ሳሙና ያለው፣ በግቢያችን ውሃ የማይጠፋበት ብቸኛው መጸዳጃ ቤት ነው። የውሃ መሥሪያ ቤት ስለሆንን ይህ በመካከላችን ይቅር። ሳምንት ሳይሞላ የሒሳብ ክፍል ሴቶች በሙሉ «እህቴ፣ እስቲ ቁልፉን» እያሉ ይመላለሱ ጀመር። ኩባያዬ አጠገብ ለመቆም የሚሰቀቁ ሴቶች መጸዳጃ ቤቴ ደጃፍ ተሰልፈው ሲጋፉ ባይ፣ ቫይረሱ መስታወት ሲያይ ያፍራል መሰለኝ ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ማጽናናቱ። ሁለት የክበቡን አባላት አስከትለው ባለቤቴን ሊያጽናኑ ቤታችን ድረስ ስለመጡ ውለታዎን አልረሳውም። ባለቤቴ የደንብ ልብስ ሊያሰፉ የመጡ ደንበኞች መስለውት ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከአባላቱ የአንዱን፣ የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ደረት ለክቶ ጨርሷል። ወደ ወገቡ ወርዶ ሳለ ነው እርስዎ «እግዜር ያጽናህ፤ ምን ይደረጋል፣ ሁላችንም ወደዚያው ነን» ያሉት። ባለቤቴ ደንግጦ «ምነው? ማን ሞተ?» ብሎ ሲጠይቅ ሟቿ ሻይ ይዤ ገባሁ። ሻዩን የነካው የለም። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በተለይ ከወንበሩ ጠርዝ ጠርዝ ላይ ስለተቀመጠ እንዳይወድቅ ስሳቀቅለት ቆየሁ። ልጃችን የዚያን ሰሞን ስለ ቫይረሱ መተላለፊያ መንገዶች ስታጠና ነበርና የሳይንስ ደብተሯን አምጥታ አነበበችልን፦ ያለ ጥንቃቄ በሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፤ ደም በነካው መርፌና ስለታም ነገር፤ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ደግሞ እናት መድኃኒት ካልወሰደች ከእናት ወደ ልጅ። «ሻይ የሚል አለ?» ብዬ ጠየቅኋት። ገጹን ገልብጣ አይታ «የለም እማዬ» አለችኝ። እርስዎ ግን መንገዱ ሳይመሽ ብለው ተነሱ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ቆጣሪዎቹ። ይህኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። በእርስዎ ፊርማ በወጣው የውስጥ ማስታወሻ እኔ የጠገንኳቸው ቆጣሪዎች ወደ ደንበኛ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሰባት ቀን ፀሐይ እንዲሞቁ ታዘዘ። ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ እንደተመዘገበው፣ ውሃው በቆጣሪው ውስጥ አልፎ ወደ ሕዝብ ጉሮሮ ስለሚወርድ ነው። ቫይረሱ በውሃ እንደማይተላለፍ፣ ከሰው አካል ውጭም ብዙ እንደማይቆይ ለማስረዳት ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስቱም «ለጥናት ቀርቧል» ተብሎ ተጻፈባቸው። በመካከሉ ቆጣሪዎቼ ከግቢው አጥር ሥር ተደርድረው ፀሐይ መሞቅ ያዙ። የላስቲክ ቀለበታቸው በሙቀት እየተኮማተረ፣ ድነው የወጡት ተመልሰው ታመሙ። እኔም እንደገና እጠግናቸዋለሁ፤ እጄ ስለነካቸው እንደገና ሰባት ቀን ይሞቃሉ። እንዲህ እየተዟዟርን ሁለት ወር ሠራን።

ደንበኞች ባዶ ጀሪካን ይዘው በሩ ላይ መዋል ጀመሩ። አንድ ጡረተኛ መምህር በየማለዳው እየመጡ የራሳቸውን ቆጣሪ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ይሄ ብረት ምን ሆኖ ነው እንደ አራስ ፀሐይ የሚሞቀው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከእኔ ተይዟል ተብሎ ነው አባባ» አልኳቸው፤ የሆነውንም ነገርኳቸው። ቆጣሪውን አንስተው ግራ ቀኙን አዩት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡት፣ ከዚያ በኮታቸው ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። እርስዎ ንብረት በመሸሸግ ሊከሷቸው አስበው እንደነበር ሰምቻለሁ። እንደ እድል ሆኖ በዚያው ሰሞን የእርስዎ ቤት ቆጣሪ ቆሞ እኔ ዘንድ መጣ። ጠገንኩት፣ ከጓደኞቹ ጋር ተደረደረ። በሁለተኛው ቀን ራስዎ በእግርዎ መጥተው «ይቺ አንዷ እንኳ ብትወጣ ምናለ? ቤት ውስጥ እንግዳ አለብን» አሉኝ። ወጣች። በሳምንቱ ማስታወሻው «በጥናት ላይ ተመሥርቶ» ተሻረ። ቫይረሱ ሹመት እንደሚያከብር በሳይንስ መጽሐፍ ላይ ስላልተጻፈ ለልጄ ደብተር ላይ እንድትጨምረው ነግሬያታለሁ።

ቆጣሪዎቹ ሲፈቱ ግን እኔ ታሰርኩ። የሥራ ጠረጴዛዬ ከጓደኞቼ ተነጥሎ በክፍሉ ጥግ በወፍራም መጋረጃ ተከለለ። ስለ መጋረጃው ኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ኮንዶሙ ሣጥን። ጤና ጣቢያው ለሠራተኛው በነፃ የሰጠውን ኮንዶም ብክነት እንዳይኖር በማለት በቢሮዎ ቁምሣጥን ቆልፈው፣ ስም፣ የሥራ ክፍልና «የተፈለገበት ምክንያት» የሚሞላበት መዝገብ አዘጋጅተውለታል። በዓመቱ ውስጥ ደፍሮ የመጣው አንድ አንጋፋ የቧንቧ ሠራተኛ ብቻ ነው። ምክንያት በሚለው ሥር «የግል ጉዳይ» ብሎ ጻፈ። ጥያቄው «በዝርዝር ይገለጽ» ተብሎ ተመለሰለት። ሰውየው ልከኛ ስለሆነ አልዘረዘረም። በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ «የሠራተኛው ፍላጎት ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል አነበብኩ። እኔ የምለው የለኝም፤ ቆጣሪ እንኳ ቧንቧው ተዘግቶበት ዜሮ ሲያሳይ ደንበኛው ውሃ አልጠማውም አንልም።

አምስተኛ። ለዚህኛው ርዕስ አላገኘሁለትም። ባለጉዳይዋ፣ የግቢያችን ጽዳት ሠራተኛ፣ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ እንዲያውም «አንድም አታስቀሪ» ብላኛለች።

የመጀመሪያ እርዳታ ክፍላችን ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ቢጫ ሣጥን ነበረው። ክበቡ ሣጥኑን ወስዶ፣ «አስተያየትዎን እዚህ ይጨምሩ» የሚል ለጥፎበት አዳራሹ በር ላይ አቆመው። መርፌው ከዚያ ወዲህ በተራ ላስቲክ ይጣል ጀመር። አንድ ሰኞ ጠዋት ጽዳት ሠራተኛዋ ላስቲኩን ስታነሳ መርፌ መሐል ጣቷን ወጋት። መርፌው የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ደሟን በመሐረብ ጠቅልላ በቀጥታ ወደ እርስዎ መጣች፤ ሌላ የት ትሂድ? እርስዎ ወንበርዎን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ማመልከቻ እንድትጽፍና ጉዳዩ በሩብ ዓመቱ ስብሰባ እንደሚታይ ነገሯት። ስብሰባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። እሷ እንደወጣች መወልወያዋ ላይ ምልክት እንዲደረግበት አዘዙ።

ማክሰኞ ከሰዓት መጋረጃዬን ገልጣ ገባች። መጥረጊያ ይዛለች፤ የምትጠርገው ግን አንዱኑ ቦታ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

ጣቷን አሳየችኝ። የሆነውን ነግራኝ እስክትጨርስ አልጠበቅኋትም፤ «መቼ?» ብቻ አልኩ። «ትናንት ጠዋት» አለችኝ። «ታዲያ እስከ አሁን ምን ትጠብቂያለሽ? ለዚህ እኮ መድኃኒት አለው፤ ሰባ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ ከተጀመረ ይከላከላል፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል» አልኳት።

መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። «ወደ ጤና ጣቢያ ብሄድ ወሬው እዚህ ይደርሳል ብዬ ነው። እንዳንቺ ኩባያ ይሰጡኛል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህች ሴት ሦስት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች። ሞትን ፈራሁ አላለችም። ሰባት ዓመት ሙሉ በካናቴራ፣ በሰልፍና በንግግር ያስተማሩን ትምህርት አንድም ሳይጎድል ገብቷታል፤ ከቫይረሱ ይልቅ እርስዎን ትፈራለች።

እጇን ይዤ ወጣሁ። ጤና ጣቢያው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ነርሷ ጣቷን አየች፣ ደሟን መረመረች፣ መድኃኒቱን እዚያው አስጀመረቻትና ለሃያ ስምንት ቀን አንድም ሳታስቀር እንድትወስድ አስጠነቀቀቻት። «ወዲያው በውሃና በሳሙና ታጥበሽ ሮጠሽ መምጣት ነበረብሽ። ማን ነው ጠብቂ ያለሽ?» ብላ ስትቆጣት ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ክብርዎን ጠብቀንልዎታል። ስንመለስ እኔን የጠበቀኝ ያለ ፈቃድ ሥራ ጥሎ በመሄድ የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከወጣሁ በሰላሳ ደቂቃ ውስጥ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበታል። መሥሪያ ቤታችን ከፈለገ እንደሚፈጥን ለማወቅ በመቻሌ ደስ ብሎኛል።

መድኃኒቷ በእኔ መሳቢያ ተቀመጠ። ሃያ ስምንት ቀን ከመጋረጃዬ ኋላ ወሰደችው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያቅለሸልሻት ነበር፤ እሷ ትውጣለች፣ እኔ ካቻቢቴዬን ይዤ መጋረጃውን እጠብቃለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ተመርምራ ውጤቷን ተቀበለች፤ ነፃ ናት። ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ከዕቃ ግምጃ ቤት ቀይ ቀለም አስፈቅዳ አወጣችና የሻይ ክፍሉን ኩባያዎች በሙሉ አፋቸውን ዙሪያውን ቀባቻቸው፤ የኔንም ሲባጎ በጥሳ ከመሐላቸው ቀላቀለችው። ይህ ከሆነ አራት ወር አልፏል። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እርስዎም በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት ከነዚያው ሲጠጡ ኖረዋል። ፊትዎ ላይ እንደማየው ተስማምቶዎታል።

ስድስተኛ፣ የመጋረጃው ምስጋና። ከሷ በኋላ ሌሎች መጡ። በግቢያችን ማንም የማይጠጋው ቦታ የኔ ጥግ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ሳይሰማው ሊጠይቅ የፈለገ ሁሉ የሚመጣው እዚያ ሆነ። ቀን ላይ ኩባያዬን አይቶ የሚያፌዘው ሰው ምሳ ሰዓት ላይ «ለአንድ ጓደኛዬ ነው» እያለ ይገባል። ጓደኛው ብዙ ነው፤ ጓደኛው ነፍሰ ጡር ናት፤ ጓደኛው ሊያገባ ነው፤ ጓደኛው ባሏን እንዴት እንደምትነግረው ቸግሯታል። በትንኝ ይተላለፋል? አይተላለፍም። በመሳሳምስ? አይተላለፍም። መድኃኒቱን ሲሻለኝ ላቋርጠው? በፍጹም። ያልገባኝን እዚያው አላስረዳም፤ ወደ ነርሷ እልካለሁ፣ የፈራ ካለም አብሬው እሄዳለሁ። ማን እንደመጣ፣ ውጤቱም ምን እንደሆነ ግን ከዚህ ደብዳቤ ላይ አይፈልጉት፤ እኔ እንደ ክበቡ ጆሮ የሌለው አፍ አልተሰጠኝም።

ባለፈው ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት ለተላኩት ጎብኚዎች የቀረበውን ሪፖርት አነበብኩ። በገጽ አራት ላይ «ክበቡ ባደረገው ጥረት ምስጢራዊ የምክር አገልግሎት ክፍል ተቋቁሟል» ይላል፤ የመጋረጃዬም ፎቶግራፍ ወጥቷል። እርስዎ ከፊቱ ቆመው ፈገግ ብለዋል፤ እኔ ከኋላው ሆኜ ቆጣሪ እየፈታሁ ነበር። ለዚህም የምስጋና ወረቀት ተቀብለዋልና እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ባለ መድኃኒቱን የደበቀ ግን ለካ ሽልማት አለው።

አሁን የምለምነው ብዙ አይደለም። ቢጫው ሣጥን ወደ ቦታው ይመለስ፤ ከውስጡ የተገኙትን ሁለት አስተያየቶች፣ ሁለቱም ስለ ሻይ ስኳር ናቸው፣ አብሬ አያይዣለሁ። የኮንዶሙ ሣጥን ከቁምሣጥን ወጥቶ ሰው በማያይበት፣ መዝገብ በሌለበት ይቀመጥ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዬ ይነሳ። የጽዳት ሠራተኞች ጓንትና ጠንካራ ጫማ ይሰጣቸው። ነርሷ በወር አንድ ቀን መጥታ ታስተምረን፤ መኪናው ግን በትክክል ይላክላት። ጠረጴዛዬም ወደ ጓደኞቼ ይመለስ። መጋረጃው እዚያው ይቅር፣ ለሚፈልገው ሰው ይጠቅማል፤ እኔ በምሳ ሰዓት እየሄድኩ እቀመጥለታለሁ።

ይህን ሁሉ ረጅም ጽሑፍ አንገትዎን አቅንተው፣ ከሩቅ ቆመው ላነበቡበት ትዕግሥት ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለሪፖርትዎ ገጽ፣ ለእጅዎም ቆዳ ጤና እየተመኘሁ፣ ወደፊት ቢጨብጡኝ የማልጎዳዎት፣

የቆጣሪ ጥገና ባለሙያ፣
ከመጋረጃው በስተኋላ

ግልባጭ፦ በዚህ በር ለሚገባና ለሚወጣ ሁሉ።

ማሳሰቢያ፦ ለዘንድሮው የግንዛቤ ቀን ከዚህ ሰሌዳ በላይ ያሰቀሉትን ትልቁን ጨርቅ ቀና ብለው ይመልከቱልኝ። ጽሑፉ «ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችንን አናግልል» እንዲል ታዝዞ ነበር፤ ሠዓሊው ግን አንዷን ፊደል ስቶ «እናግልል» ብሎ ጽፎታል። ከተሰቀለ ሦስት ቀኑ ነው፤ እርስዎም ከሥሩ ቆመው ፎቶግራፍ ተነስተዋል። ሠዓሊው ትናንት ደንግጦ መሰላል ይዞ ሊያርመው ሲመጣ፣ ክበቡ ከተመሠረተ ወዲህ የሚጽፈውና የሚሠራው የተስማሙት ገና አሁን ነው፣ ተወው ብዬ መለስኩት።